ሳትገዢ አትንኪ

«ሳትገዢ አትንኪ!» አሉ እምዬ ዋሂዳ፣ የኢብቲሳምን እጅ በያዙት የመስፈሪያ ጣሳ ጠርዝ ገፍተው።

ኢብቲሳም ልታነሳ የነበረው የራሷን ሹራብ ነው። ጠዋት አጥባ ያሰጣችው ሹራብ አሁን ደጃፉ ላይ፣ ከምስሩ ክምርና ከጨው ሳህኑ ጎን፣ በወግ ተጣጥፎ ለሽያጭ ቀርቧል።

«የኔ እኮ ነው እምዬ።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ዋጋ ሳትጠይቂ የሰው ዕቃ የምታነሺ!»

ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ጠባቂያቸው እታለማሁ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። እምዬ ዋሂዳ በዚያው ቋንቋ መለሱላትና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ኢብቲሳም አዊኛ አትሰማም። ሰው በማይሰማው ቋንቋ ሲሳቅ፣ የሚሳቀው በእሱ ላይ ይመስለዋል።

«ምን አልሻቸው?»

«ዋጋ ጠይቂያቸው፤ ይሰጡሻል» አለች እታለማሁ።

«በገዛ ሹራቤ?»

«በገዛ ሹራብሽ።»

«አቦ ተይኝ!»

ሹራቡን መንጭቃ ወደ ቤት ገባች። ከኋላዋ የአያቷ ጩኸት ተከተላት። «ሌባ! ያዙልኝ! ቆሰበር ሰው የለም ወይ?»

እምዬ ዋሂዳ እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሏት። በዚህ ከተማ ገበያ ጨውና በርበሬ በጣሳ እየሰፈሩ ሁለት ልጆች አሳድገዋል፤ አንዱ የኢብቲሳም አባት ሙደሲር፣ አንዷ ዳንግላ ያገባችው አክስቷ ዙልፋ። አዊኛን የተማሩት ከባላገር ገዢ ጋር ሲከራከሩ ነው። አሁን ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ብሏል። በሽታው የልጅ ልጃቸውን ስም ወስዷል፤ የበሉትን ምሳ ወስዷል፤ የሽንት ቤቱን በር ወስዷል። ገበያውን ግን አልደፈረውም። ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ተሰምቶ፣ የክፍሏ ወንዶች «አያትሽ ኔትወርክ የላቸውም አሉ» እያሉ ያሾፉባታል። ኢብቲሳም የምትመልሰው አታጣም ነበር፤ ግን ምን ብትል የባሰ ይስቃሉ።

እናቷ አራስ የሆነችውን የኢብቲሳምን ታላቅ እህት ልትጠብቅ ባሕር ዳር ሄዳለች። አባቷ ሱቅ ነው የሚውለው። እታለማሁን ከዘንገና በኩል አፈላልጎ ያመጣት እሱ ነው። ሥራዋ ጠዋት መጥታ፣ ኢብቲሳም ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ከእምዬ ጋር መዋል ነው።

እታለማሁ የምታባብል ሴት አይደለችም። ድምጿ ወፍራም ነው፤ እጇ ድንች ሲቆፍር የኖረ ሰፊ እጅ። ምሳዋን ቅቅል ድንች በጨርቅ ቋጥራ ትመጣለች። እምዬ ዋሂዳ ቤት የተሠራውን ወጥ «ለማኝ አይደለሁም» ብለው ይመልሱና፣ የእታለማሁን ድንች «እስቲ ልቅመሰው፤ ጥሩ ከሆነ እወስደዋለሁ» እያሉ ይጨርሱታል። ወጡንም ቢሆን እታለማሁ እንደ ሸቀጥ አቅርባ፣ ዋጋ ጠርታ፣ ተሟግታ፣ «እንግዲያውስ ይቅመሱትና ይፍረዱ» ስትላቸው ነው የሚጎርሱት። ኪኒናውም በዚሁ መንገድ ነው የሚዋጠው።

«ታሾፍባቸዋለች» ብላ ኢብቲሳም አንድ ጊዜ ለአባቷ ከሳት ነበር።

«ታሹፍ። ይበሉልን ብቻ» አለ ሙደሲር።

የሹራቡ ጠብ በተነሳበት ቀን እታለማሁ ልትሄድ ነጠላዋን ስታስተካክል በሩ ላይ ቆመች።

«ልውጣ ካሉ አትያዣቸው። ገበያተኛ አይያዝም። ዋጋ ጠይቂያቸው፤ ይቀመጣሉ።»

«የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለብኝ። ዕቃ ዕቃ መጫወቻ ጊዜ የለኝም።»

«እንግዲያ ተማሪዋ ታውቃለች» ብላ ወጣች። «ተማሪዋ» የምትለው እንደ ስድብ ነው።

ብዙም አልቆየ። እምዬ ዋሂዳ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ጣሳውን ታቅፈው ወደ ውጭው በር ሲያዘግሙ ኢብቲሳም በመስኮት አየቻቸው። ሮጣ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ነው እምዬ?»

«ገበያው ሊበተን ነው። ዞር በይ።»

«ዛሬ ገበያ የለም።»

«ውሸታም! ባላገሩ መጥቶ ጨው አጥቶ ሊመለስ?»

«የለም አልኩ እኮ!» ድምጿ ከራሷ ቁጥጥር ወጣ። «ገበያም የለም፤ ጨው የሚገዛም የለም! ያ ሁሉ ካለቀ ቆይቷል! እርስዎም ነጋዴ አይደሉም፤ በቃ፣ ምንም አይደሉም!»

እምዬ ዋሂዳ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጣሳው ጉንጯ ላይ አረፈ።

ኢብቲሳም የእጃቸውን አንጓ ያዘች። መያዟ ልክ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳይመቷት ነው። ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። ያኔ መልቀቅ ነበረባት። አልለቀቀችም። ጥርሷን ነክሳ ጨመቀች። የአያቷ ዓይን ሲሰፋ እያየች፣ ጨመቀች።

«እናቴ!» አሉ እምዬ ዋሂዳ። ድምፃቸው የሕፃን ሆነ።

ለቀቀቻቸው። እምዬ ዋሂዳ ክንዳቸውን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጣሳውን አነሱ፤ አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣውም ፍርሃቱም አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፤ ጉንጭሽን ምን ነካብኝ? ነይ እስቲ ልየው» አሏት።

ረስተውታል። ክንዳቸው ግን አልረሳም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እታለማሁ ቅዳሜም ትመጣለች። አክስት ዙልፋ ከዳንግላ በጠዋት ሚኒባስ መጣች። ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ቤቱን ዞራ አየች፤ ያልወደደችውን ሁሉ ተናገረች። ለቀትር ሶላት እናቷን ውዱእ ልታስደርግ እጅጌያቸውን ስትሰበስብ ግን ክንዳቸውን ወደ ብርሃን አዞረች። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ ሙደሲርን ከምሳው አስነሳው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

በአንጓው ላይ፣ በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው ወገን አንድ፣ የጠቆረ ብልዝ።

ከደጅ እታለማሁ ገባች። ዙልፋ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ እሷ ዘረጋችው።

«እጅሽን ተመልከቺው! ሥራሽን ተመልከቺው!»

«እኔ አልነካኋቸውም።»

«ታዲያ ጅኒ ነው የያዛቸው?»

«ትናንት ስወጣ አልነበረም።»

«ስትወጪ? ካንቺ በኋላ የነበረችው ይቺ ልጅ ናት!» ዙልፋ ወደ ኢብቲሳም ጠቆመች። «ልጃችን አያቷን ሰበረች ልትይ ነው? በይ ጨርሺው! አፍሽን ሙልት አድርገሽ በይው!»

እታለማሁ ኢብቲሳምን አየቻት። ጉንጯ ላይ የጣሳው ጠርዝ የተወው ቀይ ጭረት ነበር። እታለማሁ ጭረቱን አየች፤ ወረድ ብላ የልጅቷን እጅ አየች፤ እንደገና ጭረቱን አየች። ኢብቲሳም ሻሿን ወደ ፊት ስባ ጉንጯን ሸፈነች።

«ኢብቲ፤ ያየሽው ነገር አለ?» አለ አባቷ።

«እኔ… እያጠናሁ ነበር።»

ሙደሲር ወደ እናቱ ጎንበስ አለ። «እናቴ፤ ማን ነው እጅዎን የያዘዎት?»

እምዬ ዋሂዳ ተሰብሳቢውን አንድ በአንድ ገመገሙ። ከዚያ ጣታቸውን ዙልፋ ላይ ቀሰሩ። «ይቺ ናት። ጣሳ ስታጎድል ይዣታለሁ።»

«ያ አላህ! ይኸው፤ አእምሯቸውን ጨርሳ አዞረችባቸው!» ዙልፋ እታለማሁ ላይ ጮኸች። «ውጪ! ከዚህ ቤት ውጪ!»

እታለማሁ አልተሟገተችም። ነጠላዋን አነሳች። የድንች ቋጠሮዋን ደጃፉ ላይ፣ ከምስሩ ጎን አስቀመጠች።

«ድንቹን እማማ ይሸጡታል» አለች፤ ወጣችም።

ዙልፋ እስከ ውጭው በር ተከትላ እንደ ለቅሶ ጮኸች፤ ሰፈሩ ይስማ ብላ ነው። ጎረቤታቸው ሕይወት ከአጥሯ በላይ አንገቷን አስግጋ ሰማች። ሕይወት በዕድሜ የደከመ አባት አላት፤ ጠባቂ ስታፈላልግ ከርማለች።

ሰኞ ኢብቲሳም ትምህርት ቤት አልሄደችም። «የቤቱ ልጅ እያለች ባዕድ ምን ይሠራል?» አለች ዙልፋ። ሙደሲር አንገቱን ደፋ። ማክሰኞም አልሄደችም።

ዙልፋ እናቷን ትወዳለች። ፍቅሯ ግን ማንኪያ ይዞ የሚመጣ፣ አገጭ የሚይዝ ፍቅር ነው። እምዬ ዋሂዳ ሾርባውን ፊቷ ላይ ተፉባት። በሁለተኛው ቀን ማንኪያውን ነከሱት። ቀን ቀን ደጃፉ ላይ ጣሳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ በመንገድ የሚያልፈውን በአዊኛ ይጣራሉ። የሚያውቃቸው አንገቱን አቀርቅሮ ያልፋል። የማያውቃቸው ልጅ ሁሉ ይስቃል። ኢብቲሳም ሳህን ይዛ ስትቀርብ «ለማኝ አይደለሁም» ይሏታል። ጉንጫቸው እየጎደጎደ ሄደ።

ማታ ማታ ዙልፋ ብልዙን በቅቤ ታሻለች። ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ኢብቲሳም ከማእድ ቤቱ በር ሆና ታየዋለች። እንዳያይዋት እየተጠነቀቀች፣ በየቀኑ ታየዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት ሳሙና ልትገዛ ተላከች። በአቋራጩ አልሄደችም። ከሰል ወደሚጫንበት ወደ መኪና መንገዱ ዳር ወረደች፤ እታለማሁን እዚያ ያየ ሰው ነበር። አገኘቻት። ፊቷ ጠቁሮ፣ የከሰል ጆንያ አፍ በቅጠል እየጠቀጠቀች ትሰፋለች።

«እትዬ እታለማሁ…»

«ተማሪዋ!» አለች ቀና ሳትል።

«እምዬ አይበሉም። እባክዎ ይመለሱልን።»

«ሰማሽ?» አለች እታለማሁ አጠገቧ ለምትሰፋው ሴት። «ዛሬ አንቱ ሆንኩ።» ሴትዮዋ ሳቀች። «ፈተናሽ መቼ ነው?»

ኢብቲሳም የሳሙናውን ብር በመዳፏ ጠቅልላ ፈታች።

«አየሽ። የመጣሽው ለእማማ አይደለም።»

«ለእሳቸውም ነው። እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር፤ አይደል?»

«ጉንጭሽ ላይ ጣሳው ተቀምጦ ነበር። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

እታለማሁ መርፌውን ጆንያው ላይ ተክላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት።

«ማን ሊሰማኝ? ሰው ቤት ገብቼ፣ የሰው ልጅ ከስሼ፣ ሁለተኛ ጥፋተኛ ልሆን? ሕይወት ለአባቷ ልትይዘኝ ቃል ሰጥታኝ ነበር። ትናንት ደጇ ሄጄ ከውስጥ እያለች በሩን አልከፈተችልኝም። ሌላም ቤት ጠየቅሁ፤ ‹እጇ ክፉ ነው› ተብሏል። ያ ብልዝ ሰንበትን አያልፍም፤ ይጠፋል። የእኔ ስም ግን አይጠፋም። አክስትሽ ክንዱን በቅቤ ታሽ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«እናገራለሁ። ከተናገርኩ ይመለሳሉ?»

«አልመለስም። ብትናገሪም አልመለስ፤ ባትናገሪም አልመለስ። ለፈተናሽ ብለሽ ከሆነ አትልፊ።»

ፊቷን ወደ ጆንያው መለሰች። ኢብቲሳም ቆመች። መሄድ እንዳለባት ብታውቅም አልሄደችም።

«እንዴት አድርጌ ላብላቸው?»

«ነግሬሽ ነበር።»

ጥቂት ራመድ ካለች በኋላ ወፍራሙ ድምፅ ከኋላዋ መጣ። «ቶሎ አትስማሚ! ቶሎ የሚስማማ ገዢ ይንቃሉ።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። አባቷ ከሱቅ ተመልሷል። ሕይወት ልትጠይቅ መጥታ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ዙልፋ ከእናቷ ጎን ተንበርክካ ክንዳቸውን በቅቤ እያሸች፣ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ትናገራለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል። ዛሬ እታለማሁ ዱላም ነበራት።

«ዶማ የለመደ እጅ!» አለች ዙልፋ። «እናቴን በዚያ እጅ!»

«እኔስ አባቴን ላስረክባት ነበር» አለች ሕይወት። «ፈጣሪ ነው ያወጣኝ። ለእህቴም ነግሬያታለሁ፤ ደጇ እንዳታደርሳት።»

ኢብቲሳም ሳሙናውን አስቀመጠች። ክንዱን አየችው። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሄዷል። አንድ ጥግ ላይ ከቆዳው ቀለም ጋር ሊመሳሰል ትንሽ ቀርቶታል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ምንም አይኖርም። የሚጠይቃት ሰው የለም። አባቷ እንደ ትናንቱ «ኢብቲዬ» ይላታል። ብትናገር ደግሞ እታለማሁ አትመለስም፤ ትምህርት ቤቱም አይመለስም። ይህ ወሬ ግን ክፍሏ ይደርሳል፤ በዚህ ከተማ የማይደርስ ወሬ የለም። «ኔትወርክ የላቸውም» የሚሉት ወንዶች የሚሉት ሌላ ያገኛሉ።

ከአያቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ዞር በይ፤ ብርሃን ከለከልሽኝ» አለች ዙልፋ።

ኢብቲሳም ዞር አላለችም። ጎንበስ ብላ የእምዬን እጅ ከአክስቷ እጅ ላይ ወሰደች። በቀስታ፣ እንቁላል እንደሚያነሳ ሰው። አራት ጣቶቿን በአራቱ ምልክት ላይ አሳረፈች። አውራ ጣቷን በአምስተኛው ላይ። ልክ ገቡ። ሰፊ እጅ ቢሆን አይገባም ነበር።

የዙልፋ የቅቤ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ኢብቲ?» አለ ሙደሲር። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«የእኔ ናቸው» አለች። ቀና አላለችም። «በጣሳ መቱኝ፤ ያዝኳቸው። ከዚያ ደግሞ… መልቀቅ ስችል አልለቀቅሁም። እትዬ ሕይወት፤ እታለማሁ አልነካቻቸውም። ያን ሰዓት እዚህም አልነበረችም።»

ሕይወት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባቷ ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ሰማችው፤ መንገድ ላይ የቆመ ይመስል ሳይጨርሰው ቀረ። ፊቱን ለማየት አልደፈረችም።

እምዬ ዋሂዳ ግን ክንዳቸው ላይ ያረፉትን ጣቶች በጥርጣሬ ተመለከቱ።

«ሳትገዢ አትንኪ!» አሉ።

ኢብቲሳም እጇን አላነሳችም።

«ስንት ነው እምዬ?»

አያቷ ከላይ እስከ ታች ገመገሟት፤ ሹራቧን፣ አቧራ የለበሰ ጫማዋን፣ እንባ ያንጠለጠለ አገጯን። ብዙ ገዢ አይተዋል።

«አንቺ አትችይውም።»

ኢብቲሳም እታለማሁ ትቀመጥበት የነበረውን በርጩማ በሌላ እጇ ስባ አቀረበችና ተቀመጠች።